ፍሪጌትን በዓይን ማንበብ፦ ከላ ፋዬት ምድብ መርከቦች እንዴት እንማራለን?

የግራጫ መርከብ ፎቶግራፍ ሲደርሳችሁ ከሥሩ የተጻፈውን በመጀመሪያ በእጃችሁ ሸፍኑትና መርከቧን ራሷን ተመልከቱ። ስለ ቀይ ባሕር ወሬ በጦፈ ቁጥር የአንዱን አገር መርከብ ለሌላው የሚሰጥ፣ የድሮውን ፎቶግራፍ የትናንት አድርጎ የሚያሰራጭ ሰው ይበዛል። የጦር መርከብ ግን ማንነቷን በአካሏ ላይ ጽፋ ነው የምትዞረው። ለምን ሥራ እንደታነጸችና በየትኛው ዘመን እንደተሠራች ከውጭ ይነበባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደማትችል ይነበባል፤ እኔ አጥብቄ የማስተምረው ይህንን የመጨረሻውን ነው። ብዙ ሰው የመድፍና የሚሳይል ብዛት ይቆጥራል፤ የጎደለውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

በወጣትነቴ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል የምልክት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ በአድማስ ላይ ብቅ ያለውን ሁሉ በአቅራቢ መነጽር አይቶ ምንነቱን ለአዛዡ መናገር ነበር። በኋላም ጅቡቲ ውስጥ ለመርከቦች ስንቅ በማቅረብ ሥራ ስተዳደር የፈረንሳይን ላ ፋዬት ምድብ ፍሪጌቶች፣ ማለትም መካከለኛ መጠን ያላቸውን የጦር መርከቦች፣ ከጥቂት ሜትር ርቀት ለማየት በቃሁ። ለጀማሪ ከእነዚህ የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም። ከእነርሱ በኋላ የተሠሩት ብዙ የጦር መርከቦች ተመሳሳይ የቅርጽ መንገድ ስለተከተሉ፣ ላ ፋዬትን በደንብ ያነበበ ሌሎቹን ለማንበብ አይቸገርም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሯና ልኳ

በጎኗ ከፊት በኩል የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር ፈልጉ። የምድቡ አምስት መርከቦች ላ ፋዬት ኤፍ 710፣ ሱርኩፍ ኤፍ 711፣ ኩርቤ ኤፍ 712፣ አኮኒት ኤፍ 713 እና ጌፕራት ኤፍ 714 ናቸው። ሁሉም የተሠሩት በብሪታኒ ጠረፍ በምትገኘው በሎሪያን ነው፤ የመጀመሪያዋ በ1996፣ የመጨረሻዋ በ2001 አገልግሎት ጀመረች።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ፊደሉ ነው። ፈረንሳዮች ትልልቆቹንም ተዋጊ መርከቦቻቸውን ፍሪጌት ብለው ይጠራሉ፤ በጎናቸው ላይ የሚታየው ፊደል ግን ዲ ነው። ላንግዶክ ዲ 653 ነች፣ አልዛስ ዲ 656። ስለዚህ ዜናው "የፈረንሳይ ፍሪጌት" ስላለ ብቻ ላ ፋዬት ናት ብላችሁ አትደምድሙ። ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥሩ ነው። ፍሎሬያል የሚባሉት አነስተኛ የቅኝት ፍሪጌቶች ከኤፍ 730 እስከ ኤፍ 735 ያለውን ይዘዋል። አኮኒት 713 ስትሆን ፕሬሪያል የምትባለው ፍሎሬያል 731 ነች፤ በደበዘዘ ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል ነው። ፕሬሪያል መቀመጫዋ ታሂቲ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ቀይ ባሕር ላይ ታየች ብሎ ቸኩሎ አይጽፍም።

ቁጥሩ ካልታየ ልኳን ገምቱ። ፓንተር የሚባለው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ከነተሽከርካሪ ክንፉ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። በማረፊያው ላይ ቆሞ ከታየ፣ እርሱን በመርከቧ ርዝመት ላይ ደርድሩት። ላ ፋዬት 125 ሜትር ስለሆነች ዘጠኝ ያህል ይገባባታል፤ ፍሎሬያል 93 ሜትር ተኩል ስለሆነች ሰባት አይሞላባትም። ሄሊኮፕተር ከሌለ በወለሉ ላይ የቆመ ሰው ይበቃል።

ርዝመት ብቻውን ግን ያታልላል። በ1980ዎቹ ባሕር ኃይላችን ከሶቪየት ኅብረት ያገኛቸው ሁለቱ ፔትያ ፍሪጌቶች 82 ሜትር ገደማ ነበሩ፤ ክብደታቸውም ወደ 1,100 ቶን። ላ ፋዬት በርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ብትሆናቸው፣ ነዳጅና ስንቅ ሞልታ ግን 3,600 ቶን ትመዝናለች፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። መርከብ ስትረዝም ወርዷም ጥልቀቷም አብሮ ያድጋል። ሁለት መርከቦችን ስታወዳድሩ ቶኑን ሳታዩ "ትንሽ ነው የምትበልጠው" አትበሉ።

ጎኗን ተመልከቱ

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል። የፔትያን ምስል ከላ ፋዬት ጎን አስቀምጡ። በፔትያ ላይ ሁሉም ነገር ሜዳ ላይ ነው፤ የሽቦ አጥር፣ መሰላል፣ የቶርፒዶ ቱቦ፣ የገመድ መጠቅለያ፣ በዘንግ የተገጣጠመ ተራዳ። ላ ፋዬት ላይ የሚታየው ልሙጥ ግድግዳ ነው። ያም ግድግዳ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ከውኃው እስከ ዋናው ወለል ያለው አካሏ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ዝንባሌው 10 ዲግሪ ያህል ነው። በመካከላቸው ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ አንድ ንጹሕ መስመር ይታያል።

ምክንያቱ ራዳር ነው። ከሌላ መርከብ የተላከ የራዳር ሞገድ የሚመጣው በአብዛኛው ከአግድም አቅጣጫ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ካገኘ ወደ ላኪው ይመለሳል። ሁለት ግድግዳዎች በ90 ዲግሪ የተገናኙበት ማዕዘን ካገኘማ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ወደመጣበት ይነጥራል፤ ለራዳር ከዚህ የበለጠ ደማቅ ምልክት የለም። ያዘነበለ ጎን ግን እንደተዘነበለ መስታወት ነው፤ የደረሰውን ወደ ሰማይ ወይም ወደ ባሕሩ ይልከዋል፤ ወደ ላኪው የሚመለሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው በላ ፋዬት ላይ 90 ዲግሪ ማዕዘን የማይበዛው፣ ተራዳዋም በግድግዳ የተሸፈነው። "ራዳር የማያያት መርከብ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ተሳስቷል። ራዳር ያያታል፤ የሚያየው ዘግይቶና አሳንሶ ነው። ሚሳይል ወደ እርሷ እየመጣ ከሆነ ያ መዘግየት ሕይወት ነው።

ከወደብ ዳር ሆኜ በጣም የማረከኝ አሠራሯ ገመዷ ነው። በሌላ መርከብ ላይ ወደ ማቆሚያው ስትጠጋ ባሕረኞች በፊተኛው ወለል ላይ ተሰልፈው ገመድ ሲወረውሩ ታያላችሁ። በላ ፋዬት ላይ ያ ወለል ባዶ ነው። የገመድ መጠቅለያውና መሣሪያው ሁሉ ከወለሉ ሥር ስለተደበቀ፣ ባሕረኞቹ በጎኗ በተከፈቱ ቀዳዳዎች ብቅ ብለው ነው ገመዱን የሚሰዱት። ሥራው ሲያልቅ መዝጊያው ይዘጋል፤ ግድግዳው ተመልሶ ልሙጥ ይሆናል። መልሕቋም እንደዚሁ በአካሏ ውስጥ ትገባለች። የዚህች መርከብ ነዳፊዎች ለአንድ ዓላማ ምን ያህል እንደታገሡ ለማወቅ የሺህ ገጽ ሰነድ አያስፈልግም፤ አንዴ ገመድ ስታስር ማየት ይበቃል። ፎቶግራፍ ላይም ይረዳችኋል፤ ፊተኛው ወለል ላይ ገመድና ሰንሰለት ተዝረክርኮ ከታየ መርከቧ ላ ፋዬት አይደለችም።

የላይኛው ቤቷ ከፊሉ የተሠራው ከፋይበርግላስና ከእንጨት ተዋህዶ ከተሠራ ቁስ ነው። ቀላል ነው፣ እሳትም ይቋቋማል። ክብደት ከላይ ሲበዛ መርከብ በማዕበል ክፉኛ ስለምትዋልል፣ ከላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ቶን ዋጋ አለው። ትልቅ የጭስ ማውጫም አትፈልጉባት። ጭሱ በትናንሽ መውጫዎች ቀዝቅዞ ይወጣል፤ ሙቀት ተከታይ ሚሳይልን ለማሳት ነው። ሞተሮቿ ንዝረት በሚውጥ መቀመጫ ላይ ናቸው፤ ይህ ግን ከውጭ አይታይም።

ከመድፉ ኋላ ያለው ባዶ ቦታ

ከአፍንጫዋ ተነሡና ወደ ኋላ ሂዱ። መጀመሪያ 100 ሚሊሜትር መድፍ ታገኛላችሁ። ከመድፉ ኋላ፣ ከአዛዡ ክፍል መስኮቶች በፊት፣ ምንም ያልተቀመጠበት ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ብዙ ሰው ይህን አልፎት ይሄዳል። እኔ ግን የመርከቧ ታሪክ በሙሉ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ተጽፏል እላለሁ።

ቦታው የተተወው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ለሚወነጨፉ የአየር መከላከያ ሚሳይሎች ነበር። ለፈረንሳይ መርከቦች አንድም ጊዜ አልተገጠመም። ላ ፋዬት ስትታሰብ ሥራዋ ራቅ ያለ ባሕርን መጠበቅ ነበር፤ ፈረንሳይ በየውቅያኖሱ ባሏት ግዛቶች ምክንያት ከ10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎሜትር በላይ የባሕር ክልል አላት። ለዚህ ዓይነቱ ቅኝት ውድ የሆነ የአየር መከላከያ አያስፈልግም ተባለ። ሶናርም አልተገጠመላትም፤ ስለዚህ ሰርጓጅ መርከብ በሥሯ ቢያልፍ የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። አኮኒት ስሟን የወረሰችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነጻ ፈረንሳይ ባሕረኞች ካገለገሉባት ኮርቬት፣ ከፍሪጌት ከምታንስ የጦር መርከብ፣ ነው። ያቺ ኮርቬት መጋቢት 11 ቀን 1943 በአንድ ቀን ሁለት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን አሰጥማለች። ስሟን የተሸከመችው ፍሪጌት ግን ሰርጓጅ ማደኛ ሳይኖራት ሃያ ዓመት አገለገለች። ይህ የገንዘብና የዘመን ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ በብረት ላይ ተጽፎ ይቀራል።

ወደ መካከል ስትደርሱ በሁለቱ የቤት ክፍሎች መካከል ጉድጓድ የመሰለ ቦታ ታያላችሁ። ስምንቱ ኤግዞሴት ፀረ መርከብ ሚሳይሎች እዚያ ናቸው፤ ከጎን ግድግዳው ስለሚሸፍናቸው እምብዛም አይታዩም። ከላይ ከተነሣ ፎቶግራፍ ግን ግማሾቹ ወደ ግራ፣ ግማሾቹ ወደ ቀኝ ያነጣጠሩ ቱቦዎች ሆነው ይለያሉ።

ቀጥሎ የሄሊኮፕተሩ ማደሪያ ይመጣል። ጣሪያውን በጥንቃቄ እዩት፤ ዘመኑን የሚነግራችሁ እርሱ ነው። መርከቦቹ ሲሠሩ በዚያ ጣሪያ ላይ ክሮታል የሚባል፣ ስምንት ሚሳይል ለመተኮስ ዝግጁ አድርጎ የሚይዝ የቅርብ ርቀት አየር መከላከያ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ኩርቤ፣ ላ ፋዬት እና አኮኒት ሲታደሱ ክሮታሉ ተነሥቶ ሚስትራል ሚሳይል የሚተኩሱ ሁለት ሳድራል ማስወንጨፊያዎች ተተኩ፤ ከመርከቦቹ ሥርም ሶናር ተገጠመላቸው። ሱርኩፍ እና ጌፕራት ይህ እድሳት አልደረሳቸውም። ስለዚህ ክሮታሉ ከታየ ፎቶግራፉ ከእድሳቱ በፊት የተነሣ ነው፣ ወይም መርከቧ ካልታደሱት አንዷ ነች።

ከሄሊኮፕተሩ ማረፊያ ሥር፣ በኋላዋ ላይ፣ ፈጣን ጀልባ የሚወጣበት በር አለ። ጀልባና ሄሊኮፕተር አብረው ሲኖሩ የመርከቧ የዕለት ሥራ መርከብ ማስቆምና መፈተሽ መሆኑን ተረዱ። የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ላይ ዘራፊዎችን ለመከላከል በታኅሣሥ 2008 አታላንታ የሚባለውን ዘመቻ ሲጀምር እነዚህ ፍሪጌቶች ጅቡቲን ደጋግመው የረገጡት ለዚህ ነው።

ሞተሯና መንገዷ

አራት ናፍጣ ሞተሮች አሏት፤ የጋዝ ተርባይን የላትም። ከፍተኛ ፍጥነቷ 25 ኖት፣ በሰዓት 46 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ቻርል ደ ጎል የተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ 27 ኖት ስለሚሄድ በሙሉ ፍጥነቱ ቢገሰግስ ላ ፋዬት ወደ ኋላ ትቀራለች። በ15 ኖት ስትጓዝ ግን 7,000 የባሕር ማይል ትዘልቃለች። ይህን ወደ እኛ አካባቢ አምጡት። መቀመጫዋ ከሆነው ከቱሎን በስዊዝ ቦይ አድርጎ እስከ ጅቡቲ በግምት 3,000 የባሕር ማይል ነው። ዘጠኝ ቀን በማይሞላ ጊዜ ትደርሳለች፤ በስሌት ደረጃ ነዳጅ ሳትጨምር መመለስም ትችላለች። እንዲህ ያለ ስሌት ወሬ ለማጣራት ይጠቅማል፤ ትናንት ቱሎን የታየች መርከብ ዛሬ ባብ ኤል ማንደብ ልትገኝ አትችልም።

እህቶቿ በሌሎች አገሮች

የላ ፋዬት ንድፍ ተሸጧል። ታይዋን በ1991 ስድስት አዘዘች። ግዢው ቻይናን ያስቆጣና የጉቦ ክርክሩ ለዓመታት የዘለቀ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ሦስት ትልልቅ እህቶች አሏት፤ አል ሪያድ፣ መካ እና አል ደማም። ሲንጋፖር ደግሞ አጠር ያሉ ስድስት አሏት።

መለያው መድፉ ነው። የፈረንሳዮቹ 100 ሚሊሜትር ሲሆን የሌሎቹ ሁሉ 76 ሚሊሜትር ነው፤ የመድፉ ሽፋንም አነስ ይላል። ቁጥራቸውም ይለያያል፤ የሳዑዲዎቹ 812፣ 814 እና 816፣ የሲንጋፖሮቹ ከ68 እስከ 73፣ የታይዋኖቹ ከ1202 ጀምሮ 1204ን ዘለው እስከ 1208 ናቸው። በሳዑዲና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አንባቢዎች የምታገኟቸው የአል ሪያድ ምድብ ናቸው፤ 133 ሜትር ይረዝማሉ። ከመድፉ ኋላ ያለውን ቦታ እዩላቸው፤ ፈረንሳይ የተወችውን ሳዑዲ አስተር 15 በሚባል የአየር መከላከያ ሚሳይል ሞልታዋለች። አንድ ንድፍ ሲሆን ሁለት የተለያዩ አገልጋዮች ወጡት። ከእነርሱ አንዷ መካ በታኅሣሥ 2004 ጂዳ አካባቢ በፍጥነት ስትሄድ ከባሕር ውስጥ አለት ጋር ተጋጭታ ክፉኛ ተጎድታለች። የቀይ ባሕር አለት ዘመናዊ መርከብም አያከብርም፤ ምጽዋ ላይ ያገለገልን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

ንባባችሁን በአገልግሎቷ ፈትኑት

ከአካሏ ያነበባችሁት ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ያለፈችበት ታሪክ ነው። ሰኔ 10 ቀን 2020 ኩርቤ ከሊቢያ ወዲያ ባለው ባሕር ላይ በኔቶ ተልዕኮ ሆና፣ የጦር መሣሪያ ሳይጭን አይቀርም የተባለ የጭነት መርከብ ልትፈትሽ ቀረበች። አጅበውት የነበሩት የቱርክ የጦር መርከቦች የተኩስ ራዳራቸውን አነጣጠሩብኝ ስትል ፈረንሳይ ከሰሰች፤ ቱርክ ካደች፤ ፈረንሳይም ከተልዕኮው ተሳትፎዋን አቋረጠች። መርከቧ እዚያ የተገኘችው ለተሠራችበት ሥራ ነው፤ አስቁሞ ለመፈተሽ። የገጠማት ግን ነዳፊዎቿ ያልቆጠሩት ባላጋራ ነበር።

በታኅሣሥ 2023 ከየመን የተላኩ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ቀይ ባሕር ላይ የጣለችው የፈረንሳይ ፍሪጌት ላንግዶክ ነች። በመጋቢት 2024 ባሊስቲክ ሚሳይሎችን የመታችው አልዛስ ነች። ሁለቱም በጎናቸው ዲ የተጻፈባቸው፣ ከመድፋቸው ኋላ አስተር የተሞላላቸው ናቸው። ላ ፋዬት ለዚያ ዓይነቱ እሳት ያልተሠራች መሆኗን ማንም እንዲነግራችሁ አያስፈልግም፤ ባዶውን ቦታ አይታችኋል። ኢትዮጵያ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስለ ባሕር ኃይል ከተስማማች ወዲህ "የትኛው መርከብ ይሻለናል?" ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል። ለሁሉም የምመልሰው ጥያቄ ነው፤ ምን እንድትሠራ ነው የምትፈልጓት? ምን ሳይኖራት ብትቀር ትታገሣላችሁ?

የት ትለማመዳላችሁ?

ጅቡቲ ውስጥ ወደቡንም ወታደራዊ ስፍራውንም ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ክልክል ነው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ነገሩ ቀላል አይደለም። በዓይናችሁ እዩና ቤታችሁ ገብታችሁ ንድፉን በወረቀት ሣሉ፤ እጅ የሣለውን ዓይን አይረሳም። የመርከብ መከታተያ ድረ ገጾችን ለጦር መርከብ አትመኑ፤ የጦር መርከቦች ያሉበትን የማሳወቅ ግዴታ ስለሌለባቸው ሲሹ ያጠፉታል። በፈረንሳይ የምትኖሩ በመስከረም ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ የአውሮፓ የቅርስ ቀናት ሲከበሩ ቱሎንና ብሬስት ምን ለሕዝብ እንደሚከፍቱ ጠይቁ።

ለመጀመሪያ ልምምድ የላ ፋዬትን ምስል እና በኅዳር 2022 ሎሪያን ላይ ወደ ውኃ የወረደችውን የአዲሲቷን የፈረንሳይ ፍሪጌት የአሚራል ሮናርክን ምስል ጎን ለጎን አድርጉ። አዲሲቷ 122 ሜትር ስለሆነች ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው። አፍንጫዋ ግን ወደ ኋላ የተገለበጠ ስለሆነ ከሩቅ ትለያለች፤ መድፏም 76 ሚሊሜትር ነው። ምንም ጽሑፍ ሳታነቡ እያንዳንዷ ምን እንደማትችል በወረቀት ላይ ዘርዝሩ፤ ከመድፉ ጀርባ ጀምሩ።